ለፀጉር ብለን የምንውጠው ኪኒን የሚሄደው ፀጉር ጋ ብቻ አይደለም

ባለፈው ስብሰባችን ስለ ደሞዝ መዘግየት ልንነጋገር ተቀምጠን ግማሹን ሰዓት የበላው ፀጉር ነው። አንዷ ሻሿን ፈታ አድርጋ ግንባሯን አሳየች። ሌላዋ «እኔማ ማበጠሪያ ፈራሁ» አለች። ከአል ዓይን የመጡት እህቶች የውሃውን ነገር አነሱ፣ ከዚያ ሁሉም በየተራ። ሳቅም ነበረ፣ እንባም ነበረ። መጨረሻ ላይ አንዲት እህታችን ሐሳብ አቀረበች። ከሳጥናችን ገንዘብ አውጥተን ሚኖክሲዲል የሚባለውን ኪኒን በሚመጣ ሰው በብዛት እናስመጣ፣ ለሁሉም እናካፍል፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈልን ለሳጥኑ እንመልስ አለች። ብዙ እጅ ተነሣ። ሰዓት ስላለቀ ውሳኔው ለሚቀጥለው ተላለፈ።

እኔ እጄን አላነሣሁም። ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሁላችንም ባንዴ ስለምንናገር ነገር አይያዝም። ሐሳቡን ያቀረበችው እህት ቅን ሰው ናት፣ ለሁላችን አስባ ነው። የምጽፈው በሷ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። «ለገንዘብ ነው የመጣሽው ወይስ ለፀጉር?» የሚሉትን ሰዎች አልደግፍም። ሰው ሀገር ስትኖሪ የራስሽ የሆነ ነገር ትንሽ ነው። ክፍሉ የማዳም ነው፣ ልብሱ ዩኒፎርም ነው፣ ሰዓቱም የነሱ ነው። ፀጉርሽ ግን እናትሽ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ቅቤ ቀብታ የሠራችው ነው። አራት ዓመት ሠርተሽ ቦሌ ስትወርጂ፣ ዘመድ ሁሉ ሻንጣሽን ሳይሆን መጀመሪያ ፊትሽን ነው የሚያየው። ግንባርሽ ወደ ኋላ ሸሽቶ ካየ «ምን አድርገዋት ነው» ይላል። ስለዚህ ፀጉሬ ረገፈ ብላ የምታለቅስ እህት ቅንጦት ይዟት አይደለም። መድኃኒት ብትፈልግም እውነቷን ነው።

እኔ የምለው፣ ኪኒኑን ከመዋጣችን በፊት ፀጉሩ ለምን እንደሚረግፍ እንወቅ ነው። የሁላችንም ምክንያት አንድ አይደለምና አንድ ኪኒን ለሁላችን ሊሆን አይችልም።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ የሀገራችን ልጅ ነርስ አለች፣ እሷን ጠየቅኳት። ካርቶን ውስጥ የሚገባውን ወረቀትም በስልኬ እያስተረጎምኩ አነበብኩ። በጣም የገረመኝ የሦስት ወሩ ነገር ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መውደቁ ለማንም ሰው ያለ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ሰውነት ላይ ሲደርስ ግን፣ ለምሳሌ ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ጥገና፣ ቶሎ መክሳት ወይም ትልቅ ጭንቀት፣ በማደግ ላይ የነበረው ብዙ ፀጉር ባንዴ ማደጉን ያቆማል። ወዲያው ግን አይወድቅም። ሁለት ሦስት ወር እዚያው ቆይቶ ነው እፍኝ እፍኝ እያለ የሚመጣው። ታይፎይድ ታሞ የዳነ ሰው ከዳነ በኋላ ፀጉሩ የሚረግፈው ለዚህ ነው፣ በኮቪድም ጊዜ ብዙ ሰው ያየው ነው።

አሁን የኛን ጉዞ ቁጠሩት። ከቤተሰብ መለየት፣ ብድር፣ የኤጀንሲ ሩጫ፣ የመጀመሪያው ወር እንቅልፍ ማጣት፣ ምግቡ አልስማማ ብሎ መክሳት። ሦስተኛው ወር ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፀጉር እፍኝ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ማንም የሦስት ወር በፊቱን አያስታውስም፣ «ውሃው ነው» እንላለን። ውሃውን ነፃ ላውጣው እያልኩ አይደለም፣ ፀጉር የሚያደርቅ ውሃ አለ፣ የደረቀ ፀጉር ደግሞ ይሰበራል። ግን መሰበርና ከሥር መነቀል ይለያያል። የወደቀውን አንሥተሽ ጫፉን እዪው። ትንሽ ነጭ ፍሬ ነገር ካለው ከሥሩ ነው የመጣው። ከሌለው የተሰበረ ነው፣ ያንን ምንም ኪኒን አያድነውም።

ይሄ ከጭንቀትና ከሕመም የሚመጣው መርገፍ፣ ምክንያቱ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ራሱ ይቆማል፣ ፀጉሩም ይመለሳል። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መመለሱን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። አሁን አስቡት። አራተኛው ወር ላይ ተጨንቀሽ ከጓደኛሽ ኪኒን ተቀብለሽ ጀመርሽ። ዘጠነኛው ወር ላይ ፀጉርሽ መለስ አለ። ማነው የመለሰው? አንቺ ኪኒኑ ነው ትያለሽ፣ ለሦስት ጓደኛ ትናገሪያለሽ፣ እነሱም ለሦስት ሦስት ይናገራሉ። ዝናብ ሊጥል ሲል ጥላ የዘረጋ ሰው ዝናቡን ያመጣው ጥላዬ ነው እንደማለት ነው። በመካከላችን «ሠርቶልኛል» የሚሉት እህቶች አልዋሹም፣ ግን ማን እንደሠራላቸው በምን ያውቃሉ?

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቻችን ከመነሣታችን በፊት የሦስት ወሩን መርፌ፣ ዲፖውን፣ ተወግተን ነው የመጣነው። የፀጉር መርገፍ በወረቀቱ ላይ ከተጻፉት የጎን ጉዳቶች አንዱ ነው። ሁሉንም ሴት አያገኝም፣ ግን ሐኪም ጋ ስትሄጂ ሳትናገሪው የምትቀሪ ነገር አይደለም። የወር አበባ የሚበዛባት እህት፣ ሥጋ የማትቀምስ ወይም የተረፈ ሩዝ ብቻ እየበላች የምትውል እህት፣ ደሟ ውስጥ ብረት አንሶ ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ችግርም ፀጉር ይነቅላል፣ እሱም የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

ስለ ሹሩባማ ምን እላለሁ፣ ሁላችንም የምናውቀውን ነው። ጁምዓ ዕረፍት ሲገኝ ለአንድ ወር ይቆይልኝ ብለን ቆዳችን እስኪወጠር እናስጠብቃለን፣ ሂውማን ሄር እናስሰፋበታለን፣ ከላይ ሻሽ አጥብቀን እናስራለን፣ እርጥቡን። ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ፀጉር መጀመሪያ የሚሄደው በዚህ ነው። ጊዜ ካልበላው ማላላት ብቻ ይመልሰዋል። ለዓመታት ከተጎተተና ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን የፀጉሩ ሥር ሞቷል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ የሚዋጠውም የሚቀባውም አያበቅለውም። ለዚህች እህት የሦስት ወር ኪኒን ሸጠንላት ብንል ገንዘቧን በላን ማለት ነው። አሠሪ «ተሸፈኚ» ካለ ሻሹን መቀየር አንችልም፣ የምናስርበትን ጥብቀት ግን እንችላለን። ማታ መፍታትም እንችላለን።

አሁን ወደ ኪኒኑ ልምጣ። ሚኖክሲዲል የተሠራው ለፀጉር አይደለም፣ ለደም ግፊት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 አሜሪካ ውስጥ ሎኒተን በሚል ስም የተፈቀደው ሌላ መድኃኒት እምቢ ላለው ከባድ ግፊት ነበር። የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የወሰዱት ሰዎች ግን ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ፀጉር ማብቀል ጀመሩ። ከዚያ ነው ሰዎቹ ነቅተው ራስ ላይ የሚቀባውን ፈሳሽ የሠሩት፣ እሱ በ1988 ለፀጉር ተፈቀደ። የሚዋጠው ግን እስካሁን እዚያው አሜሪካ ለፀጉር ተብሎ የተፈቀደ አይደለም። የቆዳ ሐኪሞች ያዝዙታል፣ ማዘዛቸውም ወንጀል አይደለም፣ ሰውየውን መርምረው፣ ግፊቱን ለክተው፣ በጣም ትንሽ መጠን ነው የሚሰጡት።

ጥቅም የለውም አልልም። መሃል አናቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ለሚሄድ፣ በዘር ለሚመጣው ዓይነት መርገፍ፣ ብዙ ሴቶችን ረድቷል። የሚቀባው ቆዳዋን የሚያሳክካት ሴት ወይም ቅባቱን በየቀኑ መቀባት የማትችል ሴት ኪኒኑ ይቀላታል። እዚህ ላይ የኛን ኑሮ አስቡ፣ ራስ ላይ ፈሳሽ ቀብቶ እስኪደርቅ የሚቀመጥ ማነው? በስፔን ሐኪሞች 1,404 ሰዎችን ተከታትለው በ2021 ባወጡት ጥናት ከመቶው 15 የሚሆኑት ሌላ ቦታቸው ላይ ፀጉር በቅሎባቸዋል። ማዞርና የሰውነት ማበጥ የመጣባቸው ግን እያንዳንዱ ከመቶ ከሁለት ያነሱ ናቸው። ይሄ ጥሩ ቁጥር ነው፣ አልደብቅም። ግን እነዚያ ሰዎች ሐኪም እያያቸው ነው የወሰዱት። እኛ ልናደርግ ያሰብነው ከሻንጣ ወደ እፍኝ ነው።

መጠኑ ላይ ቁሙልኝ። ለሴት ፀጉር ሐኪሞች የሚያዝዙት አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሚሊግራም እስከ ሁለት ተኩል ሚሊግራም ነው። ለግፊት የሚሸጠው አንዱ ፍሬ 10 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት አንዷ እህት የምትውጠው ፍሬ ለሌላዋ ከታዘዘው አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም አርባ እጥፍ ነው። «ሩብ ሩብ እንቆርጣለን» ተብሏል ስብሰባው ላይ። በምን? በሽንኩርት ቢላ? አንዷ ትልቁ ይደርሳታል፣ ሌላዋ ዱቄቱ። በብዛት ሲወሰድ ውሃ በሰውነት ውስጥ ይይዛል፣ እግር ያሳብጣል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ልብ ዙሪያ ውሃ እስከ መቋጠር ይደርሳል። ይሄ ወረቀቱ ላይ በጥቁር ሣጥን ውስጥ ተከብቦ ነው የተጻፈው።

ደግሞ የኛ ሥራ እንደ ቢሮ ሥራ አይደለም። ግፊት ዝቅ የሚያደርግ ነገር ወስደሽ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውጪው 45 ዲግሪ ሲሆን ግቢ ትጠርጊያለሽ፣ መጋረጃ ለማውረድ መሰላል ላይ ትወጪያለሽ፣ ምድጃ ላይ የፈላ ዘይት አለ፣ ክንድሽ ላይ ሕፃን አለ። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሲያዞረው ወንበሩ ላይ ደገፍ ይላል። እኛ የት እንደገፋለን? በጾም ቀን፣ በረመዳንም ሆነ በኛ ጾም፣ ውሃ ሳንጠጣ ስንውል ደግሞ ግፊቱ ይብስ ይወርዳል።

ሌላው የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነገር ፊት ላይ የሚበቅለው ነው። ከራስ ላይ የሄደውን ፍለጋ ወጥተሽ ጉንጭሽ ላይ ታገኚዋለሽ። መድኃኒቱን ስታቆሚ በወራት ውስጥ ይለቃል፣ ነገር ግን ያኔ ራስሽ ላይ የበቀለውም አብሮ ይሄዳል። ይሄን ማንም ስብሰባው ላይ አላነሣውም። ኪኒኑ የሚሠራው እስከወሰድሽው ድረስ ነው። ለውጥ ለማየት ብቻ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፣ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ እንዲያውም መርገፉ ሊብስ ይችላል። ሳጥናችን ለስንት ዓመት ነው የሚገዛልን? ካርቶኑ ባለቀ ማግስት ያቺ እህት ከነበረችበት ትመለሳለች።

ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴትም አይሆንም። ማናችን ነፍሰ ጡር እንደሆንን በስብሰባ እጅ አውጥተን አንናገርም፣ ስለዚህ የሚያካፍለው ሰው በምን ያውቃል?

ስለ ወንዶቹ ኪኒን ደግሞ ለብቻው ልናገር። ፊናስቴራይድ ይባላል። ለፀጉር በ1997 የተፈቀደው ለወንድ ብቻ ነው፣ የአንድ ሚሊግራሙ። ባባ መታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አይታችሁት ታውቁ ይሆናል፣ «አንድ ሁለት ብወስድ አይታወቅም» ያለችም ሰምቻለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም፣ ሆድ ውስጥ ያለው ወንድ ልጅ ከሆነ ብልቱ በትክክል እንዳይሠራ ያደርጋል። ሙሉው ፍሬ ሽፋን ስላለው መንካቱ ብዙ አያሰጋም፣ ግን ወለል ላይ ተሰብሮ ብታገኙት በጓንትና በእርጥብ ጨርቅ አንሡት። ይሄ ለፀጉሯ ለማትጨነቅ እህትም ይጠቅማል፣ ቁም ሳጥን የምናጸዳው እኛ ነንና።

«ቫይታሚን ግን ምን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ሰይደሊያው ውስጥ የሴት ፎቶ ያለበት ቆንጆ ብልቃጥ ስለሆነ እንደ ከረሜላ ይታያል። ባዮቲን የሚባለውን እንውሰድ። ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ግን 5,000 ወይም 10,000 ነው። ባዮቲን ላላነሰው ሰው ፀጉር እንደሚያበቅል የሚያስተማምን ማስረጃ የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የደም ምርመራን ያሳስታል። የእንቅርት ዕጢውን፣ የሆርሞኑን፣ የልብ ድካም የሚታወቅበትን ሳይቀር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ማስጠንቀቂያ ያወጣው ልቡን ታምሞ በተሳሳተ የደም ውጤት ምክንያት የሞተ ሰው ስለነበረ ነው። እና የፀጉርሽን ምክንያት ለማወቅ የምትሰጪውን ደም ራሱ የፀጉር ቫይታሚኑ ያበላሸዋል ማለት ነው። ደም ከመስጠትሽ በፊት ባዮቲን እንደምትወስጂ ተናገሪ፣ ስንት ቀን ማቆም እንዳለብሽ ይነግሩሻል።

ሲበዛ ደግሞ ራሱ ቫይታሚኑ ፀጉር የሚነቅል አለ። ቫይታሚን ኤ እንደዚያ ነው፣ ሴሌኒየም የሚባለውም እንደዚያ ነው። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ቫይታሚን በስህተት መጠኑ 200 እጥፍ ሆኖ ተሠርቶ 201 ሰዎች ታመዋል፣ ብዙዎቹ ፀጉራቸው ረግፏል። ለጤና ብለው ነው የጠጡት።

ብረት ኪኒን ብረት ላነሳት ሴት ጥሩ ነገር ነው፣ እናቶቻችን ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ሲሰጣቸው የምናውቀው ነው። ቡናና ሻይ ላይ አይወሰድ፣ ብረቱን ይይዙታል። ሎሚ ይረዳዋል። ሰገራ ቢያጠቁር አትደንግጡ። ግን እዚህ ላይ የምፈራው ስለ ልጆቹ ነው። ብረት ኪኒን ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በብዛት ከዋጠው የሚገድል መርዝ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ሚኖክሲዲልም ሕፃን ቢውጠው ግፊቱን ይጥለዋል። የምንተኛበት ክፍል ቁልፍ የሌለው ስንቶቻችን ነን? ልጆቹ ቦርሳችንን የሚበረብሩት፣ አልጋችን ላይ የሚዘሉት? አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለ ልጆች ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምር። በ2019 ስፔን ውስጥ ከአሥር በላይ ሕፃናት ሰውነታቸው ሁሉ ፀጉር አበቀለ። ሲጣራ ለጨጓራ ቃር የተሰጣቸው ሽሮፕ የተሠራው በስህተት ሚኖክሲዲል ከገባበት ዕቃ ነበር። ያ የሆነው ቁጥጥር ባለበት ሀገር፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። እኛ ልናስመጣ ያሰብነው ካርቶን የሌለው፣ በፌስታል የሚመጣ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያረጋግጥልናል?

የምታመጣውስ እህት? በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት በብዛት፣ በስሟ የታዘዘ ወረቀት ሳይኖራት፣ ለሌላ ሰው ልታከፋፍል ይዛ ስትገባ ኤርፖርት ላይ ቢያገኙት ምን ትላለች? እዚህ ሀገር በኛ ሀገር ተራ የሚመስል ማስታገሻ እንኳ፣ እንደ ትራማዶል ያለው፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው። ለሠላሳ ሰው ፀጉር ብለን አንዲትን እህት ለጥያቄ አንዳርግ።

እንዳልኩት የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ አይረባም አልልም። ቆረቆርን ውሰዱ። ልጅ ሆነን ጭንቅላታችን ላይ ቆረቆር ሲወጣ ቅባት ብቻ ሲቀባብሉን የማይለቀን ለዚህ ነበር፣ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የሚያድነው የሚዋጠው ነው፣ ግሪሶፉልቪን የሚባለው ለሳምንታት ተወስዶ። እዚህም ላይ ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም ያደክማል። ክብ ክብ እየሆነ ባንዴ ለሚላጨው፣ ላሽ ለምንለው፣ ከባድ ለሆነበት ሰው ባሪሲቲኒብ የሚባል ኪኒን በ2022 ተፈቅዷል። ትልቅ ነገር ነው፣ ከዚያ በፊት ለሱ ተብሎ የተፈቀደ ኪኒን አልነበረም። ግን የሰውነትን መከላከያ ዝቅ ያደርጋል፣ ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊያስነሣ ስለሚችል ቲቢ ሳይመረመሩ አይጀመርም። ቲቢ ከብዙዎቻችን ቤት ያለፈ በሽታ ነው፣ ለመኖሪያ ፈቃድም የምንመረመረው እሱን ነው።

እንግዲህ እኔ የማቀርበው ሌላ ሐሳብ ነው። አል ዓይን ያለሽውም አቡ ዳቢ ከተማ ያለሽውም አንድ ኢምሬት ውስጥ ነሽ፣ በዚህ ኢምሬት ከ2005 ሕግ ጀምሮ አሠሪ የጤና መድን ሊገባልን ግዴታ አለበት። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግም ሕክምናን በአሠሪ ላይ ያደርጋል፣ በዓመት 30 ቀን የሕመም ፈቃድም ይሰጣል፣ የመጀመሪያው 15 ከነደሞዙ። በኢምሬትስ አይዲሽ መድንሽ እንዳለ ክሊኒኩ ያየዋል። «ፀጉሬ ረገፈ» ብቻ ብትዪ ለውበት ነው ብለው መድኑ አይሸፍንም ሊሉሽ ይችላሉ። ውሸት ተናገሪ አልልም፣ ግን እውነቱን በሙሉ ተናገሪ። ይደክመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ የወር አበባዬ ይበዛል፣ ከስቻለሁ፣ ይበርደኛል፣ ያለብሽን ሁሉ። ያን ጊዜ ደም መመርመሩ ውበት አይደለም፣ ሕክምና ነው። የደም ማነስ፣ ብረት፣ የእንቅርት ዕጢ ይታይልኝ በዪ።

ብዙዎቻችን የማንሄደው ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም፣ ቋንቋ ጠፍቶ ነው። ማዳም አብራ ገብታ እሷ ስትናገርልሽ ስለ ወር አበባሽ ወይም ስለ ምግቡ ምን ልትዪ ነው? ስለዚህ ከሳጥኑ የሚወጣው ገንዘብ ለታክሲና ለስልክ ካርድ ይሁን፣ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚችሉ ሁለት እህቶች ተመርጠው በዕረፍት ቀን አብረው ይሂዱ፣ መሄድ ካልተቻለም ሐኪሙ ፊት በስልክ ያስተርጉሙ። ይሄ ፀጉሯ ለማይረግፍ እህትም ይሆናል። ሐኪም መርምሮ ሚኖክሲዲል ያዘዘላት እህት ካለች፣ ገንዘብ ካነሳት ያኔ ሳጥኑ ይርዳት፣ እኔ ራሴ እጄን አነሣለሁ።

አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም። አታፍሩ። ለክፍል ጓደኛሽ ምን እንደምትወስጂና ስንት እንደምትወስጂ ንገሪያት፣ ብትወድቂ የምትናገርልሽ እሷ ናት። ካርቶኑን አትጣዪው። ለግፊት ወይም ለልብ ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይም የወር አበባሽ ከቀረ፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂጂ። ጫማሽ ሳይቀየር እግርሽን ከጠበበሽ፣ ጠዋት የዓይንሽ ዙሪያ ካበጠ፣ በጥቂት ቀን ክብደት ከጨመርሽ፣ ተቀምጠሽ ልብሽ ከሮጠ ጠብቄ ልየው አትበዪ። ደረት ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ አምቡላንስ 998 ነው፣ ማዳም እስክትመጣ አይጠበቅም። ስሙ ከጠፋብሽ «ደዋ ደግጥ» በያቸው፣ የግፊት መድኃኒት ማለት ነው፣ ካርቶኑንም አሳያቸው።